የአክስቴ ሳንባና የጋሽ በራሶ እንሰት

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30፣ ዲላ መናኸሪያ

የዛሬ ጉዞዬ አክስቴን አስካለን ከኮንጋ ይዣት ለመመለስ ነው። አምና ከሳንባዋ የካንሰር ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል። ሰኞ የክትትል ቀጠሮ አላት፤ እሷ ግን «የወጣ ነገር ምኑ ይታያል?» ብላ አሻፈረኝ አለች። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በሳንባ ዕጢ ዙሪያ በሚገኙ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም የተጎዳ አካልን በሚጠግኑ ሕዋሳት ላይ ስለሆነ እናቴ «አንተ አሳምናት» ብላ ላከችኝ። እኔም ላፕቶፔን አንግቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ተሳፈርኩ።

4፡00፣ ኮንጋ

ከይርጋጨፌ ሞተር ያዝኩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሞተረኛው ጭቃው ላይ ሁለቴ አወረደኝ፤ በእግሬ ለሄድኩበትም ሙሉ ሂሳብ ተቀበለኝ! ግን ግራና ቀኙ ቡናው ቀልቶ ደስ ይል ስለነበር ልቀየመው አልቻልኩም።

ቆጮ በጎመን ከበላሁ በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ ማስተማሬን ጀመርኩ።

«አክስቴ፣ ዕጢው ዙሪያ ቁስል የሚጠግኑ ሴሎች አሉ። ዕጢው ቁስል ይመስላቸውና እንዲያድግ፣ እንዲዛመት ያግዙታል። አንዳንዴ ደግሞ ይገቱታል። ገና እያጠናነው ነው።»

«እናንተም ካላወቃችሁት እኔን ምን አደከመኝ?» ብላ ሳቀች።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። እሷን ማጣት እፈራለሁ።

ጓሮ ስወጣ ወሬያችንን ሲሰማ የቆየው ባሏ ጋሽ በራሶ የእንሰት ሥር ቆፍሮ አውጥቶ መሃሉን በቢላዋ ይፈለፍላል። ፍግ ሞልቶ ሊቀብረው ነው።

«መሃሉ ከወጣ አይሞትም?» አልኩት።

«የት ትሞታለች! መሃሉ ሲወጣ ነው ዙሪያው የሚበቅለው። አርባ ሃምሳ ችግኝ ትሰጣለች» አለና ተከትላኝ ወደወጣችው አክስቴ ቀና አለ። «አስካለ፣ ልጁ የሚለው ይሄንን ነው። መሃሉ ወጣ ብለሽ ዙሪያውን ትተያለሽ?»

ሳንባ እንሰት አይደለም፣ ዙሪያው ሁሉ ካንሰር አያበቅልም ብዬ ላርም አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ።

«ገባኝ። የቀረ ነገር ካለ ዙሪያው ያሳድገዋል፤ ከሌለ የለም። ለዚህ ነው የሚታየው። እንዲህ አትለኝም ነበር?»

በደስታ ጭቃው ላይ ዘለልኩ፤ ሱሪዬ እስካሁን አልጠራም።

ሰኞ፣ ዲላ

ሐኪሙ ምስሉን አይቶ «ንጹህ ነው፣ እማማ» አላት። እኔ እንባዬ መጣ። እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ዙሪያውንስ አይተውታል፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ ሳቀ፤ እንደገናም አየው። «ዙሪያውም ንጹህ ነው።»

ይኼኔ እልልታዋን አቀለጠችው፤ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁትም ተቀበሏት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ሁለት ዓመት የተማርኩትን ለሰው የማስረዳው በአንድ ቢላዋና በአንድ የእንሰት ሥር ነው። ላፕቶፑን በከንቱ ተሸክሜዋለሁ። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሲጽፍላት ያለችው ነው።

«በትልቁ ይጻፉልኝ። ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው።»