እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱ

አይናዲስ በሰገነት ኤፍ ኤም ሬዲዮ በሠራችባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት እንደ ዳዊት የደገመችው አንድ ነገር ቢኖር «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱ» የሚለውን ነው። ወደ ጣቢያው የደወለ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነበር። ስሙንና ሰፈሩን ትጠይቃለች፣ ሬዲዮውን ታስቀንሳለች፣ ከዚያ ለአዘጋጁ ታስተላልፋለች። ካልቀነሰ ድምፁ እየተመለሰ ይረብሻል፤ ስለዚህ እምቢ ያለውን ትቆርጠዋለች። በዚህ ላይ ቀልድ አታውቅም።

ጣቢያው ሲጀመር ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ዘመን ባስቆጠረ ፎቅ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበር። ስቱዲዮ ይባል እንጂ ግድግዳው ባዶ ስለነበር ሲናገሩበት ያስተጋባል። ድምፅ መከላከያ ለመግዛት አቅም አልነበረም። ታዲያ አይናዲስ የፒያሳን ኬክ ቤቶች አንድ በአንድ ዞራ ባዶ የእንቁላል ትሪ ለመነች። ያኔ ጀማሪ ጋዜጠኛ የነበረው ራጉኤል መሰላሉን ያዘላት፣ እሷ ወጥታ ለጠፈች።

«አይናዬ፣ አንድ ቀን የዚህ ጣቢያ ታሪክ ሲነገር ካንቺ ነው የሚጀምረው» አላት።

እሱ ከመሰላሉ ሥር ሳይነሣ ረስቶት ይሆናል። እሷ ግን፣ ሞኝ አይደለች፣ ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

ከደዋዮቿ ሁሉ ያስቸገሯት ከሥላሴ አካባቢ የሚደውሉ አቶ አስገዶም የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «አባባ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱ እንጂ!» ስትላቸው፣ «ልጄ፣ ካልሰማሁትማ መኖሬን በምን አውቃለሁ?» ይሏታል። ትስቃለች፤ ስቃም ትቆርጣቸዋለች። በማግስቱ እንደገና ይደውላሉ። አንድ ሰሞን መደወላቸውን ተዉ። እሷም ሥራ በዝቶባት ምን ሆኑ ብላ አልጠየቀችም።

ከሦስት ዓመት በፊት ጣቢያው ቦሌ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ውስጥ ገባ። አድማጩም ከመደወል ይልቅ በቴሌግራም መጻፍ አበዛ። አይናዲስን በኬክና በግድግዳ ሰዓት ሸኟት፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ። ብዙም ሳይቆይ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈሯ ፈረሰና ጎረቤቱ ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። የእሷ ቤት ያለችበት መስመር ብቻ ሳይነካ ቀረ። ተረፍኩ ብላ ደስ አላት እንዴ? የት! እንዴት አደርሽ የሚላት ሰው አጣች። ከማለዳ እስከ ማታ የሚያወራላት ያው ሰገነት ኤፍ ኤም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው አሥራ አምስተኛ ዓመቱን አከበረ። አይናዲስ እንግዳ እንደሚመጣባት ሁሉ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠች። አሁን ሥራ አስኪያጅ የሆነው ራጉኤል የጣቢያውን ታሪክ ቀድሞ በድምፅ ቀድቶ ለአዘጋጆቹ ሰጥቷቸዋል። ስለ መጀመሪያው ማሰራጫ አወራ፤ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ያስነገረውን የሳሙና ነጋዴ በስሙ አመሰገነ። ከዚያ «ያኔማ ስቱዲዮውን በእንቁላል ትሪ ነበር የለጠፍነው!» ብሎ ሳቀ።

ለጠፍነው! አይናዲስ ጠበቀች። ታሪኩ አለቀ፣ ዘፈን ገባ። ስሟ የለም።

ስልኳን አነሣች። ቁጥሩን በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች። መስመሩ ተይዟል፤ በአሥራ አንደኛው ሙከራ አንድ ወጣት አነሣው። ስሟን ጠየቃት፤ ሰፈሯን ጠየቃት።

«እሺ እናቴ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱና ይጠብቁ።»

ለቀባሪ አረዱት! እጇ ወደ ሬዲዮው ሄደና እዚያው ቆመ። በዚያ ሁሉ ዓመት የስንቱን ድምፅ ስታሳልፍ የራሷ አንድም ቀን በሬዲዮ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ልትሰማው ፈለገች፤ በቃ ፈለገች። ጣቢያው አሁን፣ ክፉ ቃል ካመለጠ ለመቁረጥ፣ ድምፁን ጥቂት ሰከንድ አዘግይቶ እንደሚለቅ ታውቃለች። አልቀነሰችውም።

«ሰላም፣ ማን ልበል?» አለች አዘጋጇ ኤዶም፤ ገና ልጅ ናት፣ አይናዲስን አታውቃትም።

«አይናዲስ እባላለሁ። ትሪውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ራጉኤል መሰላሉን...»

«እናቴ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን፣ የሬዲዮው ድምፅ እየገባብን ነው።»

አይናዲስ አሁንም አልቀነሰችም። ስልኩ ተቆረጠ።

ድምፁ የዘገየ ነውና የተቆረጠውን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ከሬዲዮው ወጣ፦ «አይናዲስ እባላለሁ። ትሪውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።» ካሰበችው በላይ ያረጀ የሴት ድምፅ ነበር። ቀጥላ ኤዶም መጣች፦ «መስመሩ ተቋርጦብናል፤ ያኔ ትሪውን የሸጡልን እናት ናቸው መሰለኝ። እናመሰግናለን! ወደ ሌላ አድማጭ...»

አይናዲስ መጀመሪያ ሳቀች። የሸጡልን! ከዚያ እንባዋ መጣ፤ የሚያያት ስለሌለም አልጠረገችውም።

«አባባ አስገዶም፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ጮክ ብላ።

ሬዲዮውንም ቀነሰችው።