በካልሲ የተጠቀለለው አምፖል

ሰሞኑን ፋሲሎ ሰፈር የሚገኘውን፣ ዛሬ ከልጆቼ ጋር የምኖርበትን የአባቴን ቤት ቁም ሣጥን ሳራግፍ ተረከዙ የሳሳ ግራጫ ካልሲ እጄ ገባ፤ ውስጡ አምፖል ነበር። አቧራውን በመዳፌ ስጠርገው ያ የድሮው ክረምት፣ የእርጥብ አፈሩና የጣና ንፋሱ ሽታ ሳይቀር መጣብኝ።

አባባ የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግሥት ወንበር ላይ ወጥተው የየክፍሉን አምፖል እየፈቱ በአሮጌ ካልሲዎቻቸው ይጠቀልሉ ነበር። «ልጅ ቤት ሲውል መብራት ይበላል» ነው ምክንያታቸው። እስከ መስከረም የሚበራው የሳሎኑ ብቻ ስለሆነ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እማማ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ የበቆሎ እሸት እፈለፍላለሁ፣ አባባ የማይሠራ ሬዲዮ ይፈታሉ፣ ታላቅ እኅቴ ብርቱካን ደግሞ ለብቻዋ መሆን አምሯት በመጽሐፏ ትከለላለች።

ብርቱካን ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ባለችበት ክረምት እማማ በሰበቡ ሁሉ ታለቅስ ነበር፤ አባባ ግን ስለ መሄዷ ትንፍሽ አላሉም። አንድ ምሽት ብርቱካን ካልሲውን ፈልጋ አግኝታ፣ አምፖሉን ክፍሏ ውስጥ ገጥማ በሯን ዘጋች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! እኔና እማማ ቁጣውን ስንጠብቅ አባባ ቀስ ብለው ተነሡ፤ የሳሎኑን መብራት አጥፍተው ወንበራቸውን ይዘው ክፍሏ ገቡ።

«ሁለት ቦታማ አይበራም፣ ልጄ። አንቺ ባለሽበት ይብራ።»

«ኧረ እርስዎን ማን ይችልዎታል!» ብላ ብርቱካን በሳቅ ፈረሰች። እማማ ሰፌዷን፣ እኔ በቆሎዬን ይዘን ተከተልን፤ እስክትሄድም ድረስ ሳሎናችን የእሷ አልጋ ዙሪያ ሆነ። በሄደች ዕለት አባባ ያንን አምፖል ፈትተው ጠቀለሉት። መስከረም ጠብቶ የሌላው ክፍል ሁሉ ሲመለስ የእሷ ሳይመለስ ቀረ። አባባን ምን ያህል እንደናፈቀቻቸው የገባኝ ዛሬ ነው።

ትናንት አመሻሽ፣ ልጆቼም ትምህርት ተዘግቶ በየክፍላቸው ተከተው ስለሚውሉ፣ የክፍላቸውን አምፖሎች ፈታሁና የብርቱካንን አምፖል ሳሎን ገጠምሁ። በራ! ደስ ብሎኝ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ልጆቹ ወጥተው አዩኝና ተሳሳቁ።

«አባዬ፣ ስልካችን መብራት አለው እኮ» አለኝ ትንሹ።

ሁሉም በየስልካቸው ብርሃን እየተመሩ ወደየክፍላቸው ተመለሱ። እኔም የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ፣ ወንበሬን አንሥቼ ቆምሁ፤ የማንኛቸውን ብርሃን እንደምከተል ግን ግራ ገባኝ።