ከመርዶው በፊት አንድ ብርጭቆ

ትኩሳቱ የጀመረኝ ዕለት ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር በሚገኘው ክፍላችን ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ክፍሉን ያከራዩን፣ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ካርቱም ከገቡ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሴት። ልጃቸው ሳራ ነበረች፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከዓረብኛ የተቀላቀለ። ሙሉጌታ ነበረ፤ ከመተማ ጀምሮ አብሮኝ የመጣና አብሮኝ ቀለም የሚቀባ ጓደኛዬ። አራተኛው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ጠየቅሁ። ሙሉጌታ ሳቀ። «ብርዱን ከየት አገኘኸው? ለእኛም አካፍለን እንጂ» አለኝ።

ክሊኒክ ሄጄ ወባ ነው ተባልኩ። የታዘዘልኝን ኪኒን ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ ግን አልወረደም። ምግብ አስጠላኝ። ከሳምንት በላይ እንዲህ ከሰነበትኩ በኋላ አንድ ጠዋት ሆዴን ድንገት ወጋኝ። ሆዴ እንደ ጣውላ ደረቀ። መነሳት አልቻልኩም። መተንፈስም ያመኝ ነበር።

ሳራ ገብታ አየችኝ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ማሚ! ሙስተሽፋ እንውሰደው። ይሄ ወባ አይደለም» አለች። ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ታይፎይድ ነበር። ትንሹን አንጀቴን በስቶታል። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ስነቃ በሆዴ ቀኝ በኩል ከረጢት ተለጥፎ ነበር። ውስጡ አረንጓዴ ፈሳሽ አለ። ከእኔ የወጣ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ያከመችኝ ዶክተር ሱዳናዊት ነበረች። ኢሊዮስቶሚ ይባላል አለችኝ። የተጎዳውን ቆርጠው፣ የጤነኛውን የትንሹን አንጀት ጫፍ በሆዴ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ አውጥተውታል። ያ ቀይ፣ እርጥብ ጫፍ ስቶማ ነው። ለጊዜው ነው እንጂ ሰውነቴ ሲጠገን መልሰው ይገጥሙታል። ግን አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ።

«ውሃና ጨው መልሶ የሚመጥጥልህ ትልቁ አንጀት ነበር፤ አሁን ሥራ ፈቷል። ስለዚህ ቶሎ ትደርቃለህ። ኩላሊትህ ተጎድቶ ከመጣህ መልሼ አልገጥምልህም።»

ወደ ሳጃና ተመለስኩ። እትዬ ዘነበች ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝና እርጎ ያበሉኝ ጀመር፤ ፉሉን ለጊዜው ከለከሉኝ፣ ገለባው እንዳይዘጋኝ። ዶክተሯ እስኪልም ድረስ አኝክ ስላለችኝ ከአንድ ሳህን ስንበላ ሌሎቹ ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ እኔ ገና ነበርኩ። «እንደ ግመል እያመሰኳህ እስክትጨርስ ረመዳን ይገባል» ይለኝ ነበር ሙሉጌታ።

ረመዳን ገባ። ሙቀቱ በሚከብድበት ወር ነበር የዋለው። እኔም ጥቂት በርትቼ፣ ሙሉጌታ አርካዊት ሰፈር አንድ ቤት ሲቀባ የመስኮቶቹን ጠርዝ ቁጭ ብዬ እቀባለት ጀመር። አብረውን የሚሠሩት ሁሉ ጿሚዎች ናቸው። ጠጣ አትጠጣ ያለኝ የለም። ነገር ግን ከንፈሩ ደርቆ ሲሚንቶ በሚሸከም ሰው ፊት ጠርሙስ ማንሳት አሳፈረኝ። አገራችንም ቢሆን በጿሚ ፊት አይበላም። ጠርሙሴን ክፍሌ ትቼው መሄድ ጀመርኩ። ካልጠጣሁ ከረጢቱም ቶሎ የማይሞላ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። እኔ ባልጠጣም እሱ መሙላቱን አላቆመም።

ሽንቴ ጠቆረ፤ የሻይ መልክ ያዘ። ባቴን ቁርጥማት ያዘኝ። ስነሳ ዓይኔ ይጨልም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ወደቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ አንገቴን ደግፈው ውሃ በአፌ ጠብ ያደርጉልኛል። ሙሉጌታ በተሰባበረ ዓረብኛ ሁኔታዬን ሲነግራቸው ሰማሁ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሐበሺ፣ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ የእኔን ጾም ጹምልኝ ማን አለህ? እኔ ራሴ ብታመም ይፈቀድልኛል!»

ዙሪያችን የቆሙት ሳቁ። የሽማግሌው ከንፈር ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር። ጠርሙሱን ግን አንዴም ወደ አፋቸው አላስጠጉም።

ሆስፒታል ስደርስ ክሪያቲኒኔ ከፍ ብሎ ተገኘ። ኩላሊቴ ተጎድቷል ማለት ነው። ግሉኮስ ተሰቀለልኝ። ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ ለምን እንዳልጠጣሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ፣ «አከበርካቸው፤ ጥሩ። ኩላሊት ይሰጡሃል?» አለች።

በእነዚያ ቀናት እናቴ ሞተች።

ወንድሜ የደወለው በሙሉጌታ ስልክ ነው። እኔ አልተነገረኝም። እትዬ ዘነበች ከልክለው ነበር። «ሐዘንተኛ እህል አይቀምስም፤ ይሄ ልጅ ደግሞ ካልቀመሰ ያልቃል። ምርመራው ደህና እስኪሆን ማንም አፉን እንዳይከፍት» ብለው ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ስገባ ሁሉም ተለውጠውብኛል። ሳራ ምግብ ታቀርብልኝና ፊቷን አዙራ ትወጣለች። ሙሉጌታ ቀልድ አቆመ። እትዬ ዘነበች ምግብ ቤታቸውን ትተው የመጨረሻዋን ጉርሻ እስክውጥ ያዩኛል። ኩላሊትህ አይድንም ተብሎ የደበቁኝ መሰለኝ። ይህን እያሰብኩ በላሁ። እያንዳንዱን ብርጭቆ ጠጣሁ።

በመጨረሻ ምርመራው ደህና ሆነ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች፣ ሳራ፣ ሙሉጌታ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት አባቶች። እትዬ ዘነበች ብርጭቆ ይዘዋል። ዶክተሯ ያዘዘችልኝ የጨውና የስኳር ብጥብጥ፣ ኦ.አር.ኤስ. ነው።

«ጠጣ» አሉኝ።

«ምን ሆናችሁ?»

«መጀመሪያ ጠጣ፣ ልጄ። ሁሉንም።»

ጠጣሁ። ጨው ጨው አለኝ። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«እናትህ አረፉ» አሉ።

ሳራ ጮኸች። እኔ አልጮኽኩም። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ከረጢቱ ሞልቶ ነበር። ሙሉጌታ ደግፎ ሽንት ቤት ወሰደኝ፤ አፈሰሰልኝ። ከዚያ ተመልሼ አለቀስኩ።

የሱዳን ጎረቤቶች እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሐ የሚሉትን ጸሎት አደረሱልኝ። ምግብ ቀረበ፤ አልፈለግሁም። እናቴ ተቀብራ እኔ ስበላ መክረሜ እንደ ነውር ቆጠቆጠኝ። «ለእናትህ ብለህ» አሉኝ፤ እንቢ አልኩ። እትዬ ዘነበች ሌላ ብርጭቆ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። «አልቅስ፤ አትከልከል» አሉኝ። «ግን ያለቀስከውን ያህል መልሰህ ጠጣ።» ይህን መታዘዝ አላቃተኝም። እንደዚያ ሐዘን ተቀመጥኩ፤ እያለቀስኩና እየጠጣሁ።

ከወራት በኋላ ዶክተሯ አንጀቴን መልሳ ገጠመችልኝ፤ ቁስሉ ቀስ እያለ ደረቀ፣ ክብደቴም ተመለሰ፣ እኔም መሰላል ላይ ወጥቼ ጣሪያ ለመቀባት የሚያበቃ ጉልበት አገኘሁ። እናቴን ግን እንደ ጤነኛ ሰው በአንድ ጊዜ አላለቀስኳትም፤ ዛሬም ድረስ በትንሽ በትንሹ ነው።

ይህን የምታነቡና ከረጢት ያላችሁ፣ ውሃ ብቻ አብዝታችሁ አትጠጡ፤ ጨዋችሁን አጥቦ ይወጣል። ኦ.አር.ኤስ. ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ከታጣ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ሳይቆለል። ሐኪማችሁ ካልከለከላችሁ ምግባችሁ ላይ ጨው ጨምሩ። ጣፋጭ ጭማቂና ስኳር የበዛበት ሻይ ከረጢቱን ያጣድፈዋል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብሉ፤ አላምጡ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ስትነሱ ካዞራችሁ ነገ እሄዳለሁ ብላችሁ አትቆዩ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። በጿሚ ፊት ማፈርም ሆነ ሐዘን ከመጠጣት አያግዳችሁ። ጿሚው ይረዳችኋል። ሟቹም ቢሆን አይቀየማችሁም።

ዶክተሯን፣ ስማቸውን ያልጠየቅኋቸውን ሽማግሌ፣ እትዬ ዘነበችን፣ ሳራንና ሙሉጌታን አመሰግናለሁ። ይህ ግን እኔ የማስታውሰው ብቻ ነው። ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ ሳለሁ የሆነውን በቅጡ አላውቅም። አጠገቤ የነበራችሁ የጎደለውን ጨምሩልኝ፤ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ። ወንድሜ መርዶውን ሲደውል ማን ነበር አጠገቤ? እኔስ ነቅቼ ነበር ወይስ ተኝቼ? ከሁሉም በላይ ይህን ንገሩኝ፤ በእነዚያ ቀናት እናቴ እንዴት ናት ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር? ምን ብላችሁ መለሳችሁልኝ?