የካርቶኑ ትምህርት ይቆይ ወይስ ይውጣ?

መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አትክልት ያጠጣሉ፣ ከዚያ የጎረቤቱን የተበላሸ ሬዲዮ ይፈታታሉ። ከፈቱት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ይገጠማል። ያን ቅዳሜ ግን ሬዲዮዎቹ ጥግ ተገፍተው ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ያመጣችው የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። ዛሬ እሳቸው ሲያስተምሩበት የኖሩት የሶፍትዌር ሥልጠና ክፍል ኃላፊ ሆናለች።

«ጋሼ፣ የኮርሱን ማስተማሪያ አድሰነዋል። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይገምግሙልን» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምዕራፍ አንድ ላይ ካርቶኑ ወጥቶ፣ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ተተክቷል። እርስዎ ይቆይ ካሉ ግን ይቆያል፤ ቃሌ ነው።»

ካርቶኑ ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ደስ የሚል ነገር ነውና። ኮምፒውተር አንድ ቁጥር እንዲያስታውስልን ስንፈልግ፣ ቁጥሩ ለሚቀመጥበት ቦታ ስም እናወጣለን፤ «ብርቱካን» እንበል። ስሙ እንዳለ ይኖራል፣ ውስጡ ያለው ቁጥር ግን ይለዋወጣል። ይህን ለጀማሪ ማስረዳት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መምህሩ ሥራ በጀመሩበት ዘመን ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ለተማሪው አይበቁም፤ ያሉትም ጀርባቸው እንደ ሻንጣ ያበጠ፣ ሲነሱ እንደ ወፍጮ የሚያጓሩ ነበሩ። መብራት ሲጠፋማ ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ይሆናል። ስለዚህ ከጫማ መደብር ባዶ ካርቶን ለምነው አመጡ። ክዳኑ ላይ «ብርቱካን» ብለው ጻፉ፤ ቁጥር ያለበት ወረቀት ከተቱበት። ተማሪዎች ካርቶን ታቅፈው ይደረደራሉ፣ አንዱ ትእዛዝ ያነባል፣ ወረቀት ይገባል፣ ይወጣል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል። ከኋላቸው «ጋሽ ካርቶን» ይሏቸው ነበር። ያውቃሉ፤ ከፍቷቸው አያውቅም። እስካሁን አዲስ ጫማ ሲሸታቸው የሚታያቸው ጫማው ሳይሆን ያ ክፍል ነው።

መምህሩ ጽሑፍ የሚገመግሙበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ምንም የማያውቅ ሰው ያስነብቡታል፤ እሳቸው የሚያነቡት የዚያን ሰው ፊት ነው። ግንባር የተቋጠረበት ቦታ ላይ ጽሑፉም ተቋጥሯል ማለት ነው። ኃላፊዋ ላፕቶፑን ትታላቸው ስትሄድ፣ ለዛሬ የተመረጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸውም ጡረታ የወጡ ነርስ።

«ለዚህ ነው የጠራኸኝ?»

«ከአንቺ የበለጠ ምንም የማያውቅ ከየት ላምጣ?»

«ምላስህን!» አሉና ባለቤታቸው መነጽራቸውን አደረጉ።

ስክሪኑ ላይ «ብርቱካን» የሚል ስም፣ ከሥሩም 5 ይታያል። «ብርቱካን = 8» የሚል ትእዛዝ መጣ። 5 ደብዝዞ ጠፋ፤ 8 ተተካ። የባለቤታቸው ግንባር አልተቋጠረም።

«ገባኝ። ቀላል ነው እኮ።»

መምህሩን ቅር አላቸው። ያም ሆኖ፣ ቀጣዩ ትእዛዝ ከመጫኑ በፊት፣ በልማድ የባለቤታቸውን እጅ ያዝ አደረጉ። «ቆይ። አሁን ትእዛዙ ብርቱካን = 2 ይላል። ሳትነኪው ንገሪኝ፤ ምን ይሆናል?»

«አሥር ነዋ!»

መምህሩ በደስታ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም። አዲሱ አላስተማረም! «ካርቶኑ ይቆይ» ብለው ሊጽፉ ብዕር አነሱ። ግን ራሳቸውን የማያታልሉ ሰው ናቸውና ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። በካርቶኑም ጊዜ ተማሪው ይደምር ነበር። እንዲያውም ይብስ ነበር፤ ካርቶን ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ቢከቱበት እምቢ አይልም። «አሮጌውን አውጡ!» እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጮኹት ለዚሁ ነበር።

«ልጫነው ወይስ አንቀላፋህ?»

«ተጫኚው።»

8 ጠፋ፤ 2 መጣ።

«ኧረ! የነበረውን አጥፍቶ ነው እንዴ የሚጽፈው?» አሉ ባለቤታቸው። ከዚያ ወዲያ የተጠየቁትን ሁሉ አንድም ሳይስቱ መለሱ። አይተው ያልገባቸው፣ ገምተው ሲሳሳቱ ገባቸው። መምህሩ ይህን ሲያዩ በካርቶኑም ዘመን ያስተማረው ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ እንደነበር ተገለጠላቸው።

እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ካርቶኑ ይውጣ። ሥዕሉ ይሻላል፤ አሮጌውን ራሱ ያጠፋል። ግን ዝም ብሎ አይሩጥ። በየትእዛዙ ፊት ቆሞ ይጠይቅ፤ ተማሪው ሳይገምት አይለፍ።»

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? እኔ እኮ ለክርክር ስንቅ ቋጥሬ ነበር።»

«እኔም ቋጥሬ ነበር።»

«ካርቶን ታቅፌ የቆምኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም።» አለች።

«እኔስ መቼ ረሳሁት? እሱ ለእኛ ይቅርልን፣ ልጄ። የዘንድሮዎቹ የራሳቸውን ያግኙ።»

ስልኩን ዘግተው ላፕቶፑ ላይ አፈጠጡ። ባለቤታቸው ከበሩ ሆነው ሲያዳምጡ ኖሯል።

«ከፋህ?»

«ከፋኝ» አሉ መምህሩ። «ነይ፣ ምዕራፍ ሁለት ይቀረናል።»

«እኔ እኮ ጡረታ የወጣሁ መስሎኝ!» አሉ ባለቤታቸው፤ ወንበሩን ግን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።