የጎደሉት ሦስት ምቶች

በባንዱ ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ዕድሜው ስድሳ አንድ ነው፤ ሠላሳ አምስቱን የባንዱን ድምፅ ከሚያስተካክልበት ሚክሰር ኋላ ቆሞ ጨርሶታል። ባንዱ የሚጫወተው ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ነው። አንዱ ዘፈን ሃያ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ምቱ አንዴ በሰባት፣ አንዴ በአሥራ አንድ ስለሚሄድ፣ ልጨፍር ብሎ የተነሣ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋውና ይቀመጣል። አድማጮቹም ከባንዱ ጋር አብረው ያረጁ ናቸው። በዘፈኑ መሃል ሽንት ቤት ደርሰው ቢመለሱ ብዙም የሚያመልጣቸው ነገር የለም።

ጆሮ ሙዚቃ መውደድ ከተወ ቆይቷል። ዕድሜውን ሁሉ ስህተት ሲያድን የኖረ ሰው ዘፈን ሲከፈትለት የሚሰማው ስህተቱ ብቻ ነው። ሚስቱ ጥላው የወጣች ቀን እንኳ ልብ ያለው የበሩ ማጠፊያ ዘይት እንደሚፈልግ ነበር። አዘነ ወይ ብትሉ፣ አላዘነም፤ ዘይቱን ገዝቶ ቀባው።

ባንዱ አርባኛ ዓመቱን ሲያከብር ኮንሰርቱ በስድስት ካሜራ ተቀረጸ። ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲያየው በዲቪዲ ሊወጣ ነው። በረጅሙ ዘፈን አሥራ ሰባተኛ ደቂቃ ላይ ሁሉም መሣሪያ ቀጥ ይልና ድራመሩ ብቻውን አሥራ አንድ ጊዜ ይመታል። ድራመሩ የጆሮ ታላቅ እህት ባል ነው። ያን ዕለት የተሰማው ስምንት ብቻ ነበር። ዘፋኙ ከመጋረጃ ኋላ ውኃ እየጠጣ ነበር፤ ሌሎቹ በልባቸው ቆጥረው በሰዓታቸው ገቡ፤ አድማጩም ዝምታው የዘፈኑ አካል መስሎት አጨበጨበ። የሰማው ጆሮ ብቻ ነው።

ይህ ባንድ አንድ መሐላ አለው። በኮንሰርት ካሴቶቹ ሁሉ ሽፋን ላይ «የተጫወትነው ይኸው ነው፤ አንድም ነገር አልተነካም» ተብሎ ይጻፋል። ጆሮ ግን ነካ። ከኮንሰርቱ በፊት ለድምፅ ሙከራ ከተመታው ላይ ሦስት ምት ቆርጦ ጉድለቱን ሞላው። ምስል ለሚያቀናብረው ሰው ደውሎም «እዚያ ቦታ ላይ የጊታሪስቱን ፊት አሳይ» አለው። ምስሉን ራሱ ለማየት አልፈለገም። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ያደረገው ለድራመሩ ብሎ ነው፤ ሰውየውን ይወደዋል፤ ለመውደድ የቀረው መንገድ ደግሞ ይኸው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ቪዲዮውን ለማየት ድራመሩ ቤት ተሰበሰቡ። ድራመሩ ሶፋው ጥግ ላይ ግራ እጁን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀምጧል። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ሲደርስ ጊታሪስቱ ፊቱን አጨማዶ ታየ፣ አሥራ አንዱም ምት አንድ በአንድ ተሰማ። ዘፋኙ ከወንበሩ ተነሣ።

«ይኼ ሰውዬ አላረጀም! በሱ ሰግተን እኮ ነው የስምንት ወሩን የኮንሰርት ጉዞ ያዘገየነው። በቃ፣ ነገ አዘጋጆቹን እሺ እላቸዋለሁ።»

ድራመሩ ጆሮን አንዴ አየውና «እሺ» አለ።

ጆሮ ብርጭቆ ሊያደርስ ወደ ማድ ቤት ሲገባ እህቱ ተከትላው በሩን ገፋችው።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«አትሸፋፍን። ግራ እጁ ከደነዘዘ ዓመት ሆነው። ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ‹አቆምኩ› ማለቱ ሞት ሆነበት። ‹ቪዲዮው ሲወጣ ያዩታል፣ እነሱ ይነግሩኛል› እያለ ነበር የሚጠብቀው። አንተ ደግሞ ደግ ነኝ ብለህ ዘጋህበት።»

ጆሮ ብርጭቆዎቹን ማጠቢያው ውስጥ ደረደረ። ማፈር እንደሚገባው ያውቃል፤ ግን ደረቱ ውስጥ ምንም አልተነቃነቀም። እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ይሻላል ብሎ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

«ሦስቱን ምት የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ ቆሞ። «ያን ቀን ስቷቸዋል።»

ዘፋኙ በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ ምን አለበት? እኛም ሳናውቀው አለፈ! በጉዞውም ትሞላለታለህ፤ ቀድመህ ቅዳለት፣ እሱ ዱላውን ያወዛውዝ።»

ሌሎቹም እፎይ ብለው ሳቁ። ያልሳቁት ባልና ሚስቱ ነበሩ።

«እንግዲያ እኔ ለምንድን ነው የምሄደው?» አለ ድራመሩ።

ሳቁ ቆመ። እህትየው ሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጣ «አትሄድም» አለችው። ድራመሩ ዓይኑን ከጆሮ ላይ አልነቀለም።

«አውጣቸው።»

«የራስህ እኮ ናቸው። በሙከራው ላይ የመታሃቸው…»

«ባዶ አዳራሽ ውስጥ የመታሁት ምን ያደርግልኛል? ሰው ፊት የሳትኩትን መልስልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ጆሮ ሦስቱን ምቶች አወጣቸው፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ከዚያ የጊታሪስቱን ፊት ለማስነሣት ምስል አቀናባሪው ዘንድ ሄዶ፣ ሦስተኛው ካሜራ የያዘውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ዱላው ከግራ እጁ ተንሸራተተ። ድራመሩ የወደቀውን ለማንሳት አላጎነበሰም፤ ቀና ብሎ በሕዝቡ አናት ላይ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ አየ። ዓይኑ እዚያው ቆየ። ካሜራው የድራመሩን ዓይን ተከትሎ ሲዞር፣ ከሚክሰሩ ኋላ የጆሮ መላጣ ይታያል። አቀርቅሮ ድምፅ ያስተካክላል።

«ይኼንን ልቁረጠው?» አለ አቀናባሪው።

«ተወው» አለ ጆሮ፤ ድምፁ ግን አልወጣምና ደግሞ መናገር ነበረበት።