ወልዴ ላይ የተናገርኩት

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ንስሐ ስገባም ዘልዬዋለሁ። አሁን ለማላውቅዎት ለእርስዎ የምናገረው፣ ዓይንዎን ስለማላይ ይሆናል።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። ቤቴ ኮልፌ ነው፤ ከወልዴ ጋር ግድግዳ እንጋራ ነበር። ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። እኔ እፈታለሁ፣ እጠግናለሁ፤ እሱ ተቆጣጣሪ ስለሆነ ሥራዬን አይቶ ይፈርማል። በአንድ አውቶቡስ ሄደን በአንድ አውቶቡስ እንመለሳለን።

አንድ ቀን ጥብቅ ትእዛዝ መጣ። ብረት በየበረራው ሲወጠርና ሲላላ ይደክማል፤ በአውሮፕላኑ በር ማዕዘኖች ላይ ሊሰነጠቅ ይችላልና ሁሉም ይመርመር ተባለ። የውስጡን ሽፋን ፈትቶ ቀይ ፈሳሽ መቀባት፣ ጠርጎ ነጭ ዱቄት መንፋት ነው። ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀይ ክር መስሎ ይወጣል።

ሦስቱን ማዕዘን መረመርኩ። የአራተኛው ሽፋን አንዱ ብሎን ጭንቅላቱ ተበልቶ ካቻቢቴ አልይዝ አለኝ። ታገልኩት፣ ሰለቸኝ፣ ተውኩት።

"ጨርሻለሁ፤ ንጹሕ ነው" አልኩት ወልዴን።

"አራቱንም አየሃቸው?"

"አየኋቸው።"

አምኖኝ ፈረመ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሌላ ምርመራ ያ ሽፋን ተፈታ። ከሥሩ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተገኘ። ሰው አልተጎዳም። ግን አለቃችን ሁለታችንንም ጠርቶ፣ ይህ ሽፋን ለምን አልተፈታም ሲል ጠየቀ።

እኔ ቀደምኩ። "ብሎኑ እንዳስቸገረኝ ለወልዴ ነግሬው ነበር። ግድ የለም፣ ተወው አለኝ" አልኩ።

ዋሸሁ። ወልዴ ስለ ብሎኑ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዞሮ አየኝ፤ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። "የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለ። በዚያው ሳምንት ተባረረ።

እሑድ ከሰዓት ሚስቱ አስካለ መጣች። "ምን እንዳጠፋ አይነግረኝም። አንተን ይሰሙሃል፤ እባክህ አለቆቹን ለምንልኝ" አለችኝ። ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ ክንዷን ያዝኩ። ለእሷ እንኳ አልነገራትም! ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። "እሞክራለሁ" አልኳት። ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ብዙም ሳይቆዩ ቤቱን ለቀው ወጡ። ከግድግዳው ወዲያ የማላውቃቸው ሰዎች ድምፅ ገባ። አውቶቡስ ውስጥ ለብቻዬ እቀመጥ ጀመር። ማንም አልሸሸኝም፤ የማንም ሰላምታ አልቀነሰም። እኔ ግን ሰው በሳቀልኝ ቁጥር፣ ይህ ሰው የሚስቀው ለማን ነው እላለሁ። ቢያውቁኝ የሚሸሹኝ መሰለኝ፤ ስላላወቁኝ ደግሞ አብሬያቸው አልነበርኩም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ወልዴን አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተጣመመ የመኪና ቆርቆሮ ሲያቃና አየሁት። እጁ ቅባት ስለነበር ክንዱን ዘረጋልኝ። ልጆቼን በስማቸው እየጠራ ጠየቀኝ። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

"ለመሆኑ ያንን በር በደንብ ጠገኑት?"

"አዎ። የተሰነጠቀውን ቆርጠው አውጥተው ማጠናከሪያ ደረቡበት።"

"ተመስገን" አለ። በእውነት ደስ ብሎት ነበር።

ፈርቼ ነው ልበል? የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ ልበል? እሱስ ልጆች አልነበሩትም? እኔ እሱ ሳይናገር ቀድሜ የዋሸሁ ሰው ነኝ፤ በዝምታዬም ደግሜ ደጋግሜ ዋሽቻለሁ። ወልዴ ካረፈ ቆየ። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ የተበደሉት እርስዎ አይደሉም። ይቅር ሊለኝ ይችል የነበረው ሰው ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ፊት ለፊቴ ቆሞ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ መዶሻውን አነሳ፤ እኔም ደህና ዋል ብዬው ሄድኩ።