የዳኛው መኝታ

ከትምህርት ቤት የወሰዱኝ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር፤ ኪሴ ከትቼው ሄድኩ። ያስገቡኝ ቆቦ ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ለሃያ ሦስት ሰው አንድ በርና አንዲት ጠባብ መስኮት አለው። የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ስላልለቀቀው ዓይን ያቃጥላል። አዲስ ገቢ በሩ ሥር፣ ከሽንት ጀሪካኑ አጠገብ ይተኛል። ሌላ ሰው ሲመጣ ወደ ውስጥ ይገባል።

ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ አቀረቡኝ። ሁለቱንም ጊዜ የተቀመጠው ያው ዳኛ ነበር፤ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ በዕድሜ እኩያዬ። ፖሊሱ «ምርመራ አልጨረስንም» ይላል። ዳኛው ካቀረቀረበት ቀና ሳይል «አሥራ አራት ቀን ተፈቅዷል» ይላል። በዚያ ሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ሮቢት አጠገብ ያለውን ማሽላዬን ወፍ ጨረሰው። ጠባቂው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስወጣ መጀመሪያ የምከሰው ይህን ሰው ነው ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ዳኛውን ገፍተው አስገቡት።

የክፍላችን እስረኞች አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ የዋጃ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ጫማውን እየው፣ ተወልውሏል። ሊያዳምጠን ነው የላኩት» አለኝ። እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ። ምሳ ላይ ወደ ትሪው የጠራው የለም። እሱም ማን በምን እንደታሰረ አልጠየቀም። አለመጠየቁ አስጠረጠረኝ፤ ቢጠይቅ ደግሞ ይብስ እጠረጥረው ነበር።

ካቦው «ጀሪካኑ ጋ እንደተኛ ይቅር፤ የሚያናግረውም እንዳይኖር» ብሎ ወሰነ። ያኔ አበጋሩ ተነሱ። ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ የራያ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ከእኛው ጋር ታስረዋል።

«ሳይጠየቅማ አይፈረድበትም» አሉ። «መምህር፣ አንተ ጠይቀው፤ አንተው ፍረድ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ የበደለኝ እሱ ነው።»

«ከዚህ ቤት ያልተበደለ ከየት ላምጣልህ? በኛ ወግ ግን ፈራጅ አስቀድሞ ይምላል። አውቄ ባዳላ ጦሱ ከልጄ ይድረስ በል።»

ያለችኝ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ናት። እንዳሉኝ ማልኩ።

«መዝገቤን አንብበኸዋል?» አልኩት ዳኛውን።

«አዎ። ሁለት ገጽ ነው።»

«ምን አገኘህበት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ፈቀድህ?»

«ፈራሁ።»

ቤቱ አጉረመረመ። «ስወጣ እከስሃለሁ» አልኩት።

«አትችልም። ዳኛ በሰጠው ትእዛዝ ካሳ አይጠየቅም። ሕጉ እንዲህ የሆነው ሳንፈራ እንድንፈርድ ነው።»

ካቦው ከት ብሎ ሳቀ። «ሳትፈሩ! ኧረ አብሽር!»

«ሕጉ ከእናንተ ክስ ነው የሚጠብቀኝ» አለ ዳኛው። «ትናንት አንድ ሰው በዋስ ይውጣ አልኩ። ዛሬ እዚህ ያመጡኝ ሰዎች ስለ ሕጉ አልጠየቁኝም።»

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ተጠንቶ የመጣ ወሬም ሊሆን ይችላል። ጀሪካኑ ጋ ይቅር ልል አፌን ስከፍት ልጄ ፊቴ ድቅን አለች። ሰላይ ባይሆንስ? ፈርቶ መፍረድ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ መግባቱም አናደደኝ። የዚህን ሰው ፍርሃት ልረዳለት አልፈለግሁም ነበር።

እንደ ልማዱ አቀርቅሯል።

«ቀና በል» አልኩት። ቀና አለ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ከእኔ ጎን ትተኛለህ፤ ከትሪያችን ትበላለህ። ወሬ ግን ከእኛ አትጠብቅ» አልኩት።

አበጋሩ «አላህ ይቀበለው» አሉ። ካቦው ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

በአራተኛው ቀን ዳኛው ተፈታ፤ ከሁላችንም በፊት። ካቦው «አላልኩህም?» አለኝ።

እኔ የወጣሁት ከወራት በኋላ ነው። ቆቦ ያለ አንድ ጠበቃ አማከርኩ። ዳኛው ያለኝን ነው ቃል በቃል የደገመልኝ። እንዲያውም ሰውየው ወደ ወንበሩ ተመልሷል አለኝ። ለማሽላዬም፣ ለእነዚያ ቀናትም የሚጠየቅ ሰው የለም። እኔ ግን በአንዲት ፍርዴ የሚጠይቀኝ መሐላ አለብኝ። ልጄን ባተኮሳት ቁጥር ሰውየውን በማስጠጋቴ ተሳስቼ ይሆን እላለሁ። አውቄ እንዳላዳላሁ ግን አውቃለሁ። ቢሆንም አይለቀኝም።

ባለፈው ሰሞን ልጄን አቅፌ ወደ ጤና ጣቢያው ስገባ ዳኛው ከባጃጅ ሲወርድ ተገጣጠምን። አላቀረቀረም።

«ምን ሆነችብህ?» አለኝ።

መልሱን ትቼ ዓይኑን አየሁት። የፈረድኩት ልክ መሆኑን ፈለግሁበት፤ አላገኘሁም። ልጄን ጠበቅ አድርጌ ይዤ አለፍኩ።